በባንችይርጋ ጉርሻ የቀናሁ እንዳይመስልሽ

አልቀናሁም። ምን በወጣኝ! በዚህ ዕድሜዬ በባንችይርጋ ልቀና? ወጥ ተሸክማ ከጓዳ እስከ ጠረጴዛ ስለተራመደች? መራመድማ እኔም እራመዳለሁ፤ ጉልበቴን ቢያመኝም እራመዳለሁ። ደግሞ ቀናሽ ያለኝ ሰው የለም፣ ሳይሉኝ ነው የምነግርሽ። ቢሉሽ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።

ውይ! ሰላምታውን ረስቼው። ልጄ አሰለች፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ደህና ነሽ ወይ ሆድዬ? ያ ሳል ለቀቀሽ? የድሬዳዋ ሙቀት አናት ይበሳል ሲሉ እሰማለሁ፣ ራስሽን ያምሽ የነበረውስ ተሻለሽ? አማቼ ወርቅአገኘሁ ደህና ናቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው፣ እህል ይበላሉ? እኔ ከነጉልበቴ አለሁ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን። ክረምቱ ደህና ወጣ፣ ገብሱ ደህና ነው፣ ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ቦቃ አላት፣ ብታያት ትወጃታለሽ። ፊደሌ ቢንጋደድብሽ አትሳቂብኝ፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው ከነመንጋደዱ ይነበባል ብሎ አሳልፎኛል።

እና ባንችይርጋን ነበር የማወራሽ። ታውቂያታለሽ፣ ከኛ ቤት ዝቅ ብላ ያለችው፣ ጥርሰ ፍንጭቷ። የሴቶች ማኅበሩ ለእንግዶች ምግብ ቤት ከፍቷል ብዬሽ አልነበር? ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ አውሮፕላኑ ፈረንጆቹን ያመጣል፤ ቤተ ክርስቲያኖቹን ሲያዩ ይውሉና ርቧቸው ወደኛ ይመጣሉ። ሥራ ስንከፋፈል እኔው ነኝ በገዛ አፌ "እኔ ልሥራ፣ ባንችይርጋ ታቅርብ፣ እሷ ወገቧ ቀጥ ያለ ነው" ያልኩት። ምነው ያኔ ምላሴ በታሰረ! ፈረንጅ ሲነሳ ላቀረበ እንጂ ለሠራ እንደማይሰጥ በምን ልወቅ?

ጓዳው ግድግዳ ላይ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፣ በሱ አያለሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ እዚያ ሲደርስ ምን ላድርገው። በልተው ሲነሱ አንዱ ኪሱን ይዳብሳል። ባንችይርጋ ጠጋ ትላለች። እንቢ የለ፣ ኧረ ይተው የለ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ከወገቧ ሰበር ብላ፣ ላፍ! ጉርሻ ነው ይሉታል። የኔን ዶሮ በልተው፣ በኔ ወጥ አልቧቸው፣ ጉርሻው ለሷ! ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ያለቀው ታዲያ ለማን ነው? አሁን ከኩልመስክ ገበያ ጃንጥላ አስመጥታለች፣ ቀይ፣ ዘርፍ ያለው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ፊቴ ላይ ዘረጋችው። ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ! "እትዬ ወለተ ሐና፣ ከጥላዬ ይግቡ" ትለኛለች ደግሞ። "እኔ ጨው አይደለሁም፣ አልሟሟም" አልኳት።

ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ደባሱ ነገርኩት። "ጉርሻ የፊውዳል ርዝራዥ ነው፣ ሠርቶ አደሩን ያዋርዳል" ብሎ ለኔ ለብቻዬ የስብሰባ ንግግር አደረገልኝ። "በል እንግዲያው ይከልከል" ስለው "የውጭ እንግዳ ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት" አለኝና ያቀረብኩለትን የዶሮ ፈረሰኛ እየጋጠ ሄደ።

ነገሩን ያብራራልን አስጎብኚው ተክለ ሚካኤል ነው። "አንዳንዱ አገር አለመስጠት ነውር ነው፣ አንዳንዱ አገር መስጠት ስድብ ነው" አለን። "እንግዶቹም ይጨነቃሉ። ለማን እንስጥ፣ በእጅ ነው ወይስ ከሰሃኑ ሥር ትተን እንሂድ፣ እያሉ እኔን ነው የሚያደርቁኝ።" "አንተስ ምን ትላቸዋለህ?" አልኩት። "ምግቡን ላቀረበላችሁ ሰው፣ በቀኝ እጃችሁ ስጡ እላቸዋለሁ" አይለኝም መሰለሽ!

በጥቅምት አንድ ቀን ጥርሴን ነከስኩና ባንችይርጋን "ዛሬ እኔ ላቅርብ፣ አንቺም ጭሱን እስቲ ቅመሺው" አልኳት። "ይሁና እትዬ፣ ምን ቸገረኝ" አለች እየሳቀች። የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ። የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ባልና ሚስት። ሴትዮዋ የኔ እኩያ ትሆናለች፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ። በርበሬው ሲያቃጥላት እንባዋን እየጠረገች ትበላለች፣ ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። እንጀራው እንዴት እንደሚጠቀለል ጣቷን ይዤ አሳየኋት። ወደድኳት፣ እውነቴን ነው። ሊነሱ ሲሉ ቦርሳዋን ከፈተች። የታጠፈ ብር አወጣችና ዘረጋችልኝ፣ በቀኝ እጇ፣ ልክ ተክለ ሚካኤል እንደመከራት።

እንግዲህ አንቺው ፍረጂኝ። እኔ እናንተን ያሳደግሁት እንዴት ነው? ሰው ሲሰጥ ዘሎ መንጠቅ አለ? "ኧረ አይሆንም! በእመቤቴ! ኧረ ምን ሲደረግ!" ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ አልኩ። ደግማ ዘረጋች፣ ፈራ ተባ እያለች። "በጭራሽ! ሞቼ ነው ቆሜ!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ወጉ። ከዚህ በኋላ ምን መምጣት አለበት? "በሞቴ፣ አፈር ስሆን ይቀበሉኝ" ብላ እጄን ፈልቅቃ ማስጨበጥ አለባት፣ እኔም "ምነው፣ ምነው" እያልኩ መቀበል አለብኝ። ይሄን የማያውቅ ሰው ይኖራል? ሴትዮዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ብሩን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው፣ ዘጋችው፣ እንደኔ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝና ሄደች። እጄ ከደረቴ ሳይወርድ ሄደች! ባንችይርጋ በቀዳዳው ስታይ ኖሮ፣ በሳቅ ፍርስ ስትል ጭልፋው ከእጇ ወድቆ ሲንኳኳ ሰማሁት።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሴትዮዋ ለተክለ ሚካኤል "እኒያን ክብርት እናት አስቀየምኳቸው፣ ይቅርታ ጠይቅልኝ" ብላው እንባ እንባ እያላት ሄደች አሉ። ከዚያ ወዲህ እሱ የሚያመጣውን እንግዳ ሁሉ በር ላይ ያቆምና "ለወጣቷ መስጠት ትችላላችሁ፣ ለአሮጊቷ ግን እንዳታደርጉት፣ ክብራቸው ይነካል" ይላቸዋል። ክብሬ! ማን ክብሬን ጠብቅልኝ አለው? ቄስ ገብረመስቀልም ሰምተው ኖሮ እሑድ ሲያስተምሩ "ገንዘብን የናቀች ሴት በመካከላችን አለች" ብለው ስሜን ጠሩት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ታዲያ ፈልጌው ነበር ብዬ እንዴት ልናገር? አንገቴን ደፍቼ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አልኩ።

ወደ ቀዳዳዬ ተመለስኩ። አሁን ፈረንጆቹ በልተው ሲወጡ ወደ ጓዳው ብቅ ይሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ይነሱኛል፤ ከዚያ ዞር ይሉና ለባንችይርጋ ይሰጣሉ። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ "ወጡ እኮ በገዛ እግሩ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ አልወጣም" አልኳት፣ ይገባት እንደሆነ ብዬ። "እርስዎ እኮ አይቀበሉም እትዬ፤ ኃጢአቱን እኔው ልሸከመው እንጂ" አለችኝ። እዚች ላይ ነደድኩ። ለገና ስንት እንግዳ እንደሚጎርፍ አንቺ ታውቂያለሽ። ማኅበሩ ደግሞ ለገና ማን ያቅርብ ብሎ ሊሰበሰብ ነው፣ ሁሉም አፉን ሞልቶ "ባንችይርጋ" እንደሚል አውቃለሁ።

እኔም ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ከሰኞ ጀምሮ ቤቴ ተኛሁ። ያመኛል እኮ፣ ውሸት አይደለም፤ ብቻ አልጋ ላይ አያውለኝም። ባንችይርጋ ብቻዋን ሠራች። አይታ የመጣች ጎረቤት እንደነገረችኝ ቁሌቱ አርሮ፣ በርበሬው ጥሬ ሆኖ፣ እንግዶቹ ደረቅ እንጀራ በውኃ አወራርደው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሳያወጡት ሄዱ አሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተነስቼ እስክስታ መምታት ነው የቀረኝ።

አሁን የምለምንሽ ይሄ ነው። አንቺ የምትሠሪው ትልቅ ሆቴል ነው። እዚያ ጉርሻው እሳት ላይ ለቆመውም ይደርሰዋል? ይደርሰዋል ካልሽ ለማኅበሩ ጻፊላቸው፣ ተክለ ሚካኤል ጮክ ብሎ ያነበዋል። አይደርሰውም ካልሽ ግን ስለ ጤናሽ ብቻ ጻፊ። እኔ እንደጠየቅሁሽ ደግሞ እንዳታወጪ፤ እንዲያው የከተማ ወሬ አስመስለሽ ጣል አድርጊው። ጃንጥላ አምሮኝ አይደለም። ካማረኝም አረንጓዴ ነው።

አማቼን ወርቅአገኘሁን እጅ ነስቻለሁ በያቸው። አለሜን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ትምህርቷን እንድትበረታ። ትንሹ ወልደ ኪዳን ጥርስ አበቀለ አሉኝ፣ እልል ብያለሁ። ልጆቹን የምትይዝልሽን ኸዲጃንም እናቴ ሰላም ብላሻለች በያት፣ ውለታዋ አለብኝ። ወንድምሽ፣ ሰጠኝ ማለቴ ነው፣ ማጭዱን እየሳለ ነው፣ እሱም ናፍቃኛለች ብሏል።

እናትሽ ወለተ ሐና
ላሊበላ፣ ኅዳር 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ቆይማ፣ በር ላይ ሰው አለ። "እትዬ ወለተ ሐና!" ትላለች። እሷ ናት! ድምፅዋ ዛሬ ቅልስልስ ብሏል። "ቅዳሜ ብዙ እንግዳ አለብን፣ ያለ እርስዎ እጅ አይሆንልኝም፤ እስካሁን ከተሰጠኝም ድርሻዎን ይዤ መጥቻለሁ፣ ይክፈቱልኝ" ትላለች። "ኧረ አይሆንም፣ ያንቺው ይሁን!" አልኳት ከዚሁ ሆኜ፤ ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዶት። "ኧረ በሞቴ" አለች። "በጭራሽ!" አልኳት። አሁን ዝም ብላለች። ምን ማለቷ ነው? የኛው አገር ልጅ አይደለችም እንዴ? የሚርቅ ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ፤ ልክፈተው ልጄ፣ ልክፈተው