የፎዚያ ወንበር

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? የዶሎ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴና ከድንጋጤዬ በቀር። አግብተሽ ከሄድሽ ወዲህ ድምፄን ስላልሰማሽ፣ ማን ጻፈለት ትዪ ይሆናል። ራሴ ነኝ የጻፍሁት። ፊደሉ ቢንጋደድ ዓይኔ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ጡረታ ስቀበል ጣቴን ቀለም መንከሩ ቢያስጠላኝ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ሌላው ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ለእኔ ሁልጊዜ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር ከፊት ይጠብቀኛል። ማን አመጣው ብዬ አልጠየቅሁም። ያን ትምህርት ቤት ስንሠራ ድንጋይ የተሸከምሁ ሰው ነኝ፤ ይገባኛል አልሁ። ከኋላዬ ፎዚያ ትቀመጣለች፤ ስሙ በቤቴ እንዳይነሳ ያልሁት የባልሽ እናት። ስገባ «ናጋ?» ብላ ሰላም ትለኛለች። ፊቴን አዞራለሁ።

ባለፈው ሰኞ ብገባ ወንበሩ የለም። «ወንበሬን የወሰደ ማነው?» ብዬ ጮህሁ። መምህራችን ሲፋን፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ «አባባ፣ ለዛሬ ከእኛ ጋር ምንጣፍ ላይ ይሁኑ» ብትለኝ፣ መንግሥትም ሽማግሌ መናቅ ጀመረ ብዬ ከዘራዬን አነሳሁ። ይሄኔ አብሮኝ የሚማረው ሽማግሌ፣ ጃልዴሳ፣ ሳቀብኝ።

«አንቱ ሰውዬ፣ የመንግሥት ወንበር መሰለዎት? ፎዚያ ናት እኮ ከሱቋ በጭንቅላቷ ተሸክማ የምታመጣው! ተይ ስንላት፣ ሶዳዬ ነው፣ ሶዳ መሬት አይቀመጥም ትለናለች» አለኝ። እዚህ አገር ሶዳ፣ አማች ማለት፣ እንዴት እንደሚከበር አንቺው ታውቂዋለሽ።

«ታዲያ ዛሬ የት ሄደች?» አልሁ፤ አፌን በቆረጠው።

«ዶሎ ነዋ! ምራቷ ወልዳ አራስ ልትጠብቅ።»

ለካ ከእኔ በቀር ያልሰማ የለም። ልጄ፣ ማንም ቁጭ በል ሳይለኝ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አልሁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ለዚች ልጅ ገንፎ የሚያገነፋላት ማነው ብዬ አንድ ቀን አለማሰቤ! ያሰበችልሽ ሰላምታዋን የነፈግኋት ሴት ሆና ተገኘች። ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም።

በማግስቱ ከሱቋ ወንበሩን ለምኜ ተሸከምሁት። ገበያው አየኝና ሳቀ። አንዱ ደላላ፣ «አባባ ሸዋንግዛው፣ ወንበር መሸጥ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ። «ዋጋውን አትችለውም» አልሁት። ያ ዳገት ለካ አንገት ይሰብራል! በየቀኑ እንዴት ቻለችው? አሁን ወንበሩን ቦታው ላይ አኑሬ እኔ ምንጣፍ ላይ እማራለሁ። እሳቸው እስኪመለሱ ማንም አይቀመጥበትም።

ለወይዘሮ ፎዚያ «ናጋ» ብሏል በያቸው። የቀረውን ሲመጡ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ለአንቺም የምነግርሽ አለ፤ በወረቀት አይሆንም።

በአይሱዙ ቅቤ ልኬልሻለሁ፤ ለሹፌሩ አደራ ብያለሁ። ለገንፎሽ ነው። ባልሽ ራሺድም ይቅመስ።

ከድንጋጤዬ ብዛት ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ስሙን ላኪልኝ። ምንም ስም ይሁን፤ ሲፋን ሰሌዳው ላይ ልታስጽፈኝ ቃል ገብታለች።

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከአራስ ቤት በደህና ያውጣሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

የልጅሽ አያት፣
ከነገሌ