ዳቦ ለማይበላው ዳቦ ጋጋሪዬ

ሰይዴ፣ የኔ ሰው፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለያየን ሁለተኛው ረመዷን አለፈ። ለሰው የማልነግረውን ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ አንተ ስናገር አታቋርጠኝም ነበርና።

እዚህ መካ፣ ኩዳይ ሰፈር ያለው ቤታችን ያው እንደነበረ ነው። ከቤታችን ሥር ያለውን መጋገሪያህን ግን ሌላ ሰው ይዞታል። ጎበዝ ነው ይላሉ። እኔ ዳቦውን አይቼ አልወደድኩትም፤ ጠርዙ ያራል፣ መሀሉ ሊጥ ነው። አንተ እንዲህ ያለውን ለድመትም አትሰጥም ነበር።

ስኳር አለብህ የተባልክ ቀን ትዝ ይልሃል? ሐኪሙ ዳቦና ሩዝ ካልተውክ ዓይንህም እግርህም ይሄዳል ብሎህ መጣህ። እኔ ላለቅስ ስል አንተ ሳቅህ መጣ። «እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሬ፣ እንጀራ ይከልክሉኝ?» አልክ። እኔ አልሳቅሁም። ዋስ የሆነህ ከፊልህ የመጋገሪያው ባለቤት ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድህ ኢቃማውም በሱ ስም ነው፤ ምድጃውን ብትተው እኔንና ልጃችንን ሀያትን ይዘህ ከአገር መውጣትህ ነው። ብትቀጥል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ዳቦ ፊትህ ሊደረደር። ይሄ ሰው እንዴት ይችለዋል ብዬ ፈራሁ።

ቻልከው። ቀምሰህ ማረጋገጥ ስለቀረ፣ የመጀመሪያውን ዳቦ በር ላይ ለሚጠብቀው ሰው ቆርሰህ ትሰጥና ፊቱን ታያለህ። የጨው ማነስን ከሰው ፊት የሚያውቅ ጋጋሪ ካንተ ሌላ አላየሁም።

ለራስህ የሚሆን ነገር ፍለጋው ነው ያስቸገረህ። መጀመሪያማ ሁለታችንም ተሸወድን። ቡር የሚሉት ጥቁሩ ዳቦ ስኳር አይነካም ብለውን አንድ ሰሞን እሱን በላህ። ጣትህን ወግተህ በመለኪያው ስታየው ከነጩ ብዙም አልተሻለም። የጤፍ እንጀራውም እንደዚያው ሆነ። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ዘመድ መሰለን ብለህ አሳቅኸኝ።

ከዚያ ጅዳ፣ አል-ባላድ ገበያ ወርደህ ከቅመም ሻጮቹ ተልባ ተሸክመህ መጣህ። ስትጋግር የዋልክ ሰው፣ ቤት ስትገባ ደግሞ የኔን ምድጃ ትይዛለህ። የመጀመሪያው የጫማ ሶል ሆነ። ሁለተኛው ተዝለግልጎ መጥበሻው ላይ ቀረ፤ ስፈገፍግ የዋልኩት እኔ ነኝ። ሎዝ የሚሉትን የአልሞንድ ፍሬ አስፈጭተህም ሞከርክ፤ ግሩም ነበር፣ ዋጋው ግን አልቀመስ አለ። በመጨረሻ የተፈጨ ተልባ፣ እንቁላል፣ እርጎና ጥቁር አዝሙድ አንድ ላይ መትተህ፣ ከድነህ በዝግታ ስታበስለው ልክ መጣ። ወጥ ያነሳል፣ አይፈርስም። መለኪያውም ዝም አለ።

እኔና ሀያት ነጩን ዳቦ ፊትህ መብላት ሲያሳፍረን፣ ብሉ እንጂ፣ የጋገርኩት እኮ ሊበላ ነው ትለን ነበር። ወላሂ ሰይዴ፣ በዚህ ዓለም እንዳንተ ያደነቅሁት ሰው የለም። በሕይወት እያለህ ያልነገርኩህ ትኮራብኛለህ ብዬ ነው።

ልብህ በድንገት ቀጥ ያለ ጊዜ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። አንዷ ሴት ከንፈሯን መጠጠችና፣ ምስኪን፣ ዳቦ እንዳማረው ሞተ፣ መሞቱ ላይቀር በበላው ኖሮ አለች።  ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ዓይንህም እግርህም ደህና ነበሩ፤ ግን ሄድክ። ያ ሁሉ ልፋት ለምን ነበር እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ።

ባለፈው ወር ሀያት ከጅዳ ደወለች። አግብታ እዚያው ሰቢል ሰፈር ነው ያለችው፤ ነፍሰ ጡር ናት ሰይዴ፣ አንተ አያት ልትሆን ነው። ሐኪሟ ግን የእርግዝና ስኳር ተገኝቶብሻል፣ ካልተጠነቀቅሽ ለልጁም ያሰጋል ብላታለች።  ከመካ ጅዳ ድረስ መኪና ውስጥ እያለቀስኩ ሄድኩ። ምን ብዬ አጽናናታለሁ፣ እንዴትስ ዳቦ ተዪ እላታለሁ እያልኩ።

ስደርስ ወጥ ቤት ቆማ እንቁላል ትመታለች። ተልባው ተፈጭቶ ተቀምጧል። እኔ የረሳሁትን መጠን እሷ ይዛዋለች፤ ልጅ ሆና ከጎንህ ቆማ ስታይህ ነው ያደገችው። ልጄ፣ አልፈራሽም ወይ አልኳት።

«ኸላስ እማ፣ ምኑ ያስፈራል? አባዬ ከስኳሩ ጋር ሲኖር አይቻለሁ እኮ» አለችኝ።

 ለካ የለፋኸው ላንተ ብቻ አልነበረም።

አሁን ሐኪሟ ያለቻትን ሁሉ ትጠብቃለች፣ ስኳሯም ወርዷል፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲገላበጥ እጄን ወስዳ አስነክታኛለች። አላህ ብሎ በሰላም ሲወለድ ስላንተ ከኔ አፍ ነው የሚሰማው። ዳቦ እንዳማረው ሞተ የሚሉትን አላስተምረውም። አያትህ ለከተማው ሁሉ ጋግሮ፣ አብልቶ፣ ለናትህ ደግሞ አለመፍራትን ትቶላት የሄደ ሰው ነው እለዋለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህን ሳይሰማ አያድርም።

ያንተው ዘይነባ