ያላደረስኳቸው መጻሕፍት

ውድ ገዲሴ፣

«ነፍስሽን ይማር» ብዬ ልጀምር ነበር። እናንተ ፕሮቴስታንቶቹ ዘንድ ለሞተ ሰው እንደዚያ እንደማይባል ግን እህትሽ ሀና በቀብርሽ ዕለት ነግራኛለች። ስለዚህ ስምሽን ብቻ ጻፍኩና ቆምኩ። ከስምሽ ቀጥሎ ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ ሁለት ቀን አለፈ። ዛሬ ሐምሌ አሥራ ሰባት ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። እኔ አንደኛ ክፍል ውስጥ፣ የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበቴን ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

ከጥር እስከ ግንቦት ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡ፣ ቤትሽ ድረስ እየመጣሁ፣ አልጋሽ ጫፍ ላይ እየተቀመጥኩ ያልነገርኩሽን ነገር ነው የምጽፍልሽ።

መስከረም ላይ «ለነዚህ ልጆች የንባብ ጥግ እንሥራላቸው» ስትዪኝ ስቄብሽ ነበር። አንቺ አማርኛ፣ እኔ ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ፣ አርባ ስድስት ልጅ። ጠመኔ እንኳን ተለምኖ በሚገኝበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ከየት ይመጣል አልኩሽ። በሳምንቱ ከአትክልት ተራ አራት ባዶ የቲማቲም ሳጥን በጋሪ አስጭነሽ ላፍቶን አቋርጠሽ መጣሽ። ስንጥር የልጆቹን እጅ እንዳይወጋ ብለሽ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አስፋቅሽኝ። መጽሐፉን ከቤተ ክርስቲያንሽ ምእመናን፣ ከወላጆች፣ አቧራ ከበላው የትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ለቃቀምሽው። ሰባ ሦስት ሆነ።

መሬት ላይ ዘርግተን ስንለያቸው የተከራከርነውን አልረሳውም። እኔ በቁመታቸው እንደርድራቸው፣ ለዓይን ያምራል አልኩ። አንቺ ግን ባለ ቀለም ፕላስተር ይዘሽ ተንበርክከሻል። በገጹ ላይ አንድ ቃልና ሥዕል ብቻ ላለው ቀይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላለው ቢጫ፣ አጭር ተረት ለሆነው አረንጓዴ።

«በቁመት የሚደረደር ወታደር ነው» አልሽኝ። «ልጅ በአቅሙ ይምረጥ። ሽፋኑም ወደ ውጭ ይዙር፤ ሥዕሉን ካላየ ለሱ መጽሐፍም ጡብም አንድ ነው።»

መደርደሪያ ያደረግናቸውን ሳጥኖች ከፍታ የለካሽው በሚካል ነው። ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ እሷ ነበረች፤ እናቷ የለቡ ኮንዶሚኒየም ደረጃ የምታጥበው ውዳሴ። ሚካልን ግድግዳው አጠገብ አቁመሽ በትከሻዋ ልክ በጠመኔ ምልክት አደረግሽ። «ከዚህ በላይ አንድም መጽሐፍ አይወጣም» አልሽ። ቀጥለሽ ልጆቹን ሁሉ ጣት አስቆጠርሻቸው። የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ አንድ ጣት እጠፉ፤ እጃችሁ ጭብጥ ከሆነ መጽሐፉ ገና አልደረሰላችሁምና መልሱት። ሁለት ወር ያህል ክፍላችን ውስጥ ጣቱን እያጠፈ የሚያጉተመትም ልጅ ሞልቶ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጡትሽ ላይ ስላገኘሽው እብጠት በሹክሹክታ ነገርሽኝ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቀረሽ። የመጨረሻ ቀንሽ ቦርሳሽን አንግበሽ በር ላይ ቆመሽ፣ «መጽሐፎቹ ይቀደዳሉ» አልሽኝ። «ይቀደዱ፣ አባይነህ። የተቀደደ መጽሐፍ የተነበበ መጽሐፍ ነው። ቅዳሜ ስትመጣ የተቀደደውን አምጣልኝ፣ ተኝቼ እጠግነዋለሁ።»

ምትክ እስኪመጣ አማርኛውንም አንተ ያዝ ተባልኩ። ምትክ አልመጣም። ጥር ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ ዱጉማ ቢሮ ጠሩኝ።

«የካቲት ላይ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ» አሉኝ። «የናንተን የንባብ ጥግ ነው የሚያዩት። ሞዴል ክፍል ከተባለልን የምክትልነቱ ቦታ ክፍት ነው። ያንተን ስም ነው ይዤ የምሄደው።»

አሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ማንም ስሜን ይዤ እሄዳለሁ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ክፍል ስመለስ ብሩኬ አንዱን አረንጓዴ መጽሐፍ ከመሐል ቀዶት፣ ሁለቱን ቁራጭ በሁለት እጁ ይዞ ሲያለቅስ አገኘሁት። በዚያው ቅጽበት ሰባ ሦስቱንም ሰበሰብኩና ጥጉ ላይ ካለው የብረት ቁምሳጥን አስገብቼ ቆለፍኩ። እንግዶቹ እስኪመጡ ብቻ ነው አልኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።

ሚካል ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኝ ነበር። «ቲቸር፣ ዛሬ እናነባለን?» «ነገ» እላታለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ተወችው። መደንገጥ የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

እንግዶቹ የካቲት ላይ ቀሩ፤ መጋቢት ላይ መጡ። ጠዋት መጽሐፎቹን አውጥቼ፣ በቀለማቸው ደርድሬ፣ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አስያዝኩ። ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ፎቶ አነሱ። ኢያቄም መጽሐፉን ገልብጦ ይዞት ነበር፤ ካሜራው ከመድረሱ በፊት ከኋላው ጎንበስ ብዬ አቃናሁለት። ሲወጡ ሰባ ሦስቱን ቆጥሬ መልሼ ቆለፍኩ። ከመስከረም ጀምሮ ምክትል ርዕሰ መምህር እንደምሆን የሚገልጸው ደብዳቤ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰኝ። የዚያን ቅዳሜ አሳየሁሽና እንኳን ደስ አለህ አልሽኝ።

ቤትሽ ስመጣ ሁሌም ከራስሽ በፊት የምትጠይቂኝ ስለነሱ ነበር። «ሚካልስ?»

«ወደ ቢጫ ተሻገረች» አልኩሽ፣ የመጀመሪያው ቀን። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ፊትሽ ሲበራ አየሁ፤ ክንድሽ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አብጦ ማጨብጨብ ስላቃተሽ በአንድ እጅሽ ብርድ ልብሱን መታ መታ አደረግሽ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይዤልሽ እመጣ ነበር። ብሩኬ ጨረሰ፣ ኢያቄም ለጓደኛው አነበበለት። እዚያው ሚኒባስ ውስጥ፣ ጎፋን ሳልፍ ነበር የምፈጥረው።

አንቺ ደግሞ ውሸቴን አምነሽ ሥራ ጀመርሽ። ቢጫዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ያልቁባቸዋል ብለሽ፣ ወረቀት አጥፈሽ፣ ሥዕል ስለሽ፣ በትልልቅ ፊደል እየጻፍሽ መጽሐፍ ትሠሪ ነበር። ሀና በምታፈላልሽ የዱቄት ሙጫ ጀርባውን ታጣብቂዋለሽ። እያንዳንዱን በአንድ ልጅ ስም። «ሚካል ውሃ ቀዳች። ሚካል ድመት አየች። ድመቷም ሚካልን አየች።» ያበጠው ክንድሽ አልታዘዝ እያለሽ የ«ች»ን አናት ሦስቴ ስትደጋግሚ አይቻለሁ። ሠላሳ አንድ መጽሐፍ ሠራሽ። በፌስታል ቋጥሬ እወስድና፣ ፌስታሉን እንኳን ሳልፈታ ቁምሳጥኑ ታች ወርውሬ እቆልፋለሁ። ያንቺን ባወጣ ሌሎቹስ የት ናቸው ብለው ይጠይቁኛል። ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ መጽሐፎቹን ማየት አልፈለግሁም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ «ሚካል ስታነብ በስልክህ ቅዳልኝ» አልሽኝ። «ድምፅዋን ልስማ።»

ሳምንቱን ሙሉ በእረፍት ሰዓት ሚካልን ግድግዳ አስደግፌ፣ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስል እሷ እየተከተለችኝ፣ ያንቺን መጽሐፍ በቃሏ አስጠናኋት። ጭንቅላቷ ፈጣን ነው፤ በሦስት ቀን ያዘችው።

«መጽሐፉስ ቲቸር?» አለችኝ።

«በኋላ።»

ባዶ እጇን አቁሜ ቀዳኋት።

ስልኩን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ሁለት ጊዜ ሰማሽው። እኔ መስኮቱን አያለሁ። ከዚያ ስልኩን ደረትሽ ላይ አስቀመጥሽና ቀስ ብለሽ፣ «ልጅ ሲያነብ ይደናቀፋል፣ አባይነህ» አልሽኝ።

«ጎበዝ ሆናለች እኮ» አልኩሽ።

አየሽኝ። አልተቆጣሽም። ብትቆጪ እንዴት በተሻለኝ! ሱሪው ላይ ሸንቶ ዴስክ ስር የተደበቀ ልጅ ስታገኚ የምታዪው ዓይነት አስተያየት ነበር። «ውሃ አቀብለኝ» አልሽ። አቀበልኩሽ። ከትራስሽ ስር የመጨረሻውን መጽሐፍ አውጥተሽ ሰጠሽኝ፤ ይህም የሚካል ነበር። ተቀበልኩሽና እሱንም ቁምሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ሀና ደወለችልኝ።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ቁምሳጥኑን ከፈትኩት። ሽታው ቀደም ብሎም ይሸተኝ ነበር፤ አላየሁም እንጂ። የታችኛው ማዕዘን ዝጎ ቀዳዳ ሆኗል። አይጦቹ የመጡት ለዱቄቱ ነው፣ ገዲሴ። ያንቺን መጽሐፎች ጀርባ ጀርባቸውን በልተው፣ ወረቀቱን ሸርክተው ጎጆ ሠርተውበታል። ጎጆው ውስጥ ገና ፀጉር ያላወጡ አራት ግልገሎች ነበሩ። ዕፍኝ ወረቀት አነሳሁ፤ «ካል ውሃ ቀ» ይላል። ካንቺ ሠላሳ አንድ አንድም የተረፈ የለም። ከሌሎቹ የዳኑት አሥራ አንድ ናቸው።

ለልጆቹ መጽሐፎቹን አይጥ በላቸው አልኳቸው። ኢያቄም እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አይጦች ማንበብ ይችላሉ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቆሜ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

ለአቶ ዱጉማ ምክትልነቱን እንደማልቀበል ስነግራቸው፣ «ሰው በአይጥ ምክንያት ሹመት ይተዋል?» አሉኝ። ሌላ ሰው ሾሙ።

ለቡ ሄጄ ለሀና ሁሉንም ነገርኳት። ተቀመጥ እንኳን አላለችኝም።

«ታውቅ ነበር» አለችኝ። «ድምፁን ከመስማቷ በፊት ነው ያወቀችው። አንድም ቀን የተቀደደ መጽሐፍ ለጥገና አምጥተህላት አታውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለችኝ?»

«እኔ ልንገረው ስላት ከለከለችኝ። ‹ከነገርሽው ያፍርና ይቀራል፤ እሱ ከቀረ መጽሐፎቹን ወደ ልጆቹ የሚያደርስልኝ ሰው የለኝም። አንድ ቀን ልቡ ይመለስና ያወጣቸዋል› አለችኝ።» ከዚያ በሩን ያዘች። «በል ሂድ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

ሰኔ ላይ አርባ ስድስቱንም አንድ በአንድ እየጠራሁ አስነበብኳቸው። ሃያ ዘጠኙ አንድ መስመር ማንበብ አልቻሉም። እንደተለመደው ሁሉም ወደ ሁለተኛ ክፍል አለፉ። ካርድ በሚሰጥበት ቀን የሚካል እናት ውዳሴ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ መጣች። ካርዱን አገላብጣ አየችውና መልሳ ሰጠችኝ።

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፤ ልጄ ማንበብ ቻለች?»

«አልቻለችም» አልኳት። «ጥፋቱ የሷ አይደለም። የኔ ነው።» ከቁምሳጥኑ ጀምሬ ነገርኳት።

ቆማ ሰማችኝ። «ታዲያ እንዴት አለፈች?» አለችኝ።

«አንደኛ ክፍል ሁሉም ያልፋል» አልኳት።

«እኔንም እንዲህ ነው ያደረጉኝ» አለች። «እለፊ፣ እለፊ እያሉ አራተኛ ክፍል አደረሱኝ። እዚያ ስደርስ ሰው ሁሉ ያነባል፣ እኔ አላነብም። አፍሬ ወጣሁ።» ካርዱን ተቀብላኝ አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ሄደች።

ክረምቱን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት እንዳስተምራቸው ለወላጆች ሁሉ መልእክት ላክሁ። ስድስት ልጆች መጡ። አሥራ አንዱን መጽሐፍ ሳጥኑ ላይ አድርጌላቸዋለሁ። ብሩኬ ቢጫ ጀምሯል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ሚካል ግን አልመጣችም። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሻሸመኔ፣ አክስቷ ጋ፣ ሕፃን እንድትይዝ ተልካለች። «በመስከረም ትመለስ ይሆናል» አለችኝ ውዳሴ። «ላትመለስም ትችላለች። እዚህ ሆና ምን አተረፈች?»

ይቅር በዪኝ ብዬ አልለምንሽም። ይቅር የምትዪበት ጊዜ ነበረሽ፤ እውነቱን ሳልነግርሽ ያን ጊዜ የቀማሁሽ እኔው ነኝ። ውዳሴን አስፈቅጄ አድራሻውን ወስጃለሁ፤ ዓርብ ወደ ሻሸመኔ እሄዳለሁ። ልጅቷን ለማምጣት መብት የለኝም። አጥፍቼብሻለሁ ልላት ነው የምሄደው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ እንዴት እንደሚነገር፣ ከየትኛው ቃል እንደሚጀመር አላውቅም።

አንቺ ታውቂ ነበር።

አባይነህ
ላፍቶ