ድንኳን ውስጥ የማይመታው ማኅተም

ደብረ ታቦር፣ ጥር 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጌጡ በላይነህ፣ የይለፍ ወረቀት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የጉና ብርድ ወደ ቢሮዎ እንዳይዘልቅ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የዚህ የበጎ አድራጎት ሆስፒታልና የድንኳን መጠለያ አስተዳዳሪ፣ ከሁለት ሺህ ተፈናቃዮቼ ጋር እንደምንም አለሁ። ይህን ደብዳቤ በመጠለያው በር ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ እንጂ ፊርማ ይዘው ስላልተመለሱ፣ መንገድ ላይ ደክሟቸው ይሆናል በሚል ስጋት ነው።

ጉዳዩ የታንጉት እግር ነው። ታንጉት ከእብናት ማዶ፣ ከቆላው በእግሯ የመጣች የአራት ልጆች እናት ስትሆን፣ ቁስሏ አጥንት ዘልቋል። ሐኪማችን በአሥር ቀን ውስጥ ጎንደር ደርሳ ቀዶ ጥገና ካገኘች እግሯ እንደሚተርፍ፣ ቀኑ ካለፈ ግን እንደሚቆረጥ ነግሮናል። መኪና አለን። ነዳጅም አለን። ኬላውን የሚያሳልፈን የእርስዎ ፊርማ ብቻ ጎድሎናል፤ ስለዚህም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ታንጉት ተፈናቃይ ስለ መሆኗ ከገበሬዎች ማኅበሯ መሸኛ እንድታመጣ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሰው ከመፈናቀሉ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ መፈናቀሉን ማስመስከር እንዳለበት፣ ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ማንም አላስተማረኝም።

2. የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ላቀው እዚሁ ሰባተኛው ድንኳን ውስጥ እንደሚገኙ፣ ማኅተሙንም በመቀነታቸው ቋጥረው እንደመጡ ባመለከትሁ ጊዜ፣ ማኅተም ከቀበሌው ክልል ውጭ እንደማይመታ፣ ቀን ባልተጻፈበት መልስዎ አስረድተውኛል። ደንቡ የሚያከራክር አይደለም። እንከኑ በቀበሌው ውስጥ የቀረ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው፤ ሊቀ መንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ አባላቱም እኔ ዘንድ አጥሚት ይጠጣሉ።

3. ሰባተኛው ድንኳን ለአንድ ቀን እንደ ቀበሌ እንዲቆጠር ብለምንዎ፣ ቀበሌ በድንኳን እንደማይዞር ነገሩኝ። ይህንኑ ለአቶ ላቀው ባደርሳቸው ጊዜ፣ «እኔስ ማኅተሙን ይዤ መጣሁ፤ አገሩን እንዴት አድርጌ ልሸከመው ኖሯል?» ብለው ድንኳኑን በሙሉ አሳቁት። ከታመመ ሰው ሳቅ ማውጣት ለሐኪሞቻችን እንኳ ያልተቻለ ነበርና፣ በዚህም ባለውለታችን ነዎት።

ሳቁ ሲያበቃ ግን አቶ ላቀው በትራቸውን ፈለጉ። ትናንት ማለዳ፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ገና ባልጠና ጉልበታቸው፣ ባዶው ቀበሌ ላይ ቆመው ማኅተም ሊመቱ ሄደዋል። ብለምን፣ ብቆጣ አልሰሙኝም። ታንጉትም ከተኛችበት ቀና ብላ፣ «አያ ላቀው፣ ወሰኑን አይተው ይምቱ! አንድ እርምጃ ወዲህ ከሆነ ጓዱ አይቀበሉንም» አለቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች።

መንገዱ ለእርሳቸው ሦስት ቀን መሄጃ፣ ሦስት ቀን መመለሻ ነው። ከሐኪሙ አሥር ቀን አራቱን የእርስዎ ቢሮ ስለተጠቀመባቸው፣ አዛውንቱ አንድም ቀን ካላረፉ በመጨረሻው ቀን ይደርሳሉ። የምለምንዎ ሲመለሱ ቢሮዎ ለስብሰባ ተዘግቶ እንዳያገኙት ብቻ ነው። ይህ የማይመች ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቢፈርሙ፣ መኪናችን አዛውንቱን ከመንገድ መልሳ፣ ታንጉትን ጎንደር ታደርሳለች።

ከደንቡ ዝንፍ የማይለውን ብዕርዎን በሩቅ እጅ እየነሳሁ፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለፊርማዎ ቅልጥፍናን የምመኝ፣

ንብረት ማሩ
የመጠለያው አስተዳዳሪ

ተጨማሪ፦ አቶ ላቀው ራሳቸው የይለፍ ወረቀት አልያዙም፤ ለማውጣት ከቀበሌያቸው ሊቀ መንበር መሸኛ ያስፈልጋቸው ነበር። የኬላ ጠባቂዎችዎ ሊይዟቸው ግድ ከሆነ፣ እባክዎ ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ ይሁን፤ ያን ጊዜ ቢያንስ የታንጉት ወረቀት በጠባቂ ታጅቦ በፍጥነት ቢሮዎ ይደርሳል።