ለሁለት ቀን የተዋሱት ደብተር

ለተከበሩ አቶ ክብረት መልአኩ
የእንዳ ተኽኣ ተወላጆች ማኅበር ሊቀመንበር
አስመራ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? አመሻሽ ላይ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ሲንሸራሸሩ፣ በብብትዎ የያዙትን የትውልድ መጽሐፍ ሰላም ላለዎት ሁሉ ሲያድሉ አይቼዎታለሁና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነዎት። እኔም እዚህ ጸጸራት ሰፈር ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ አጣሁ። በአማርኛ መጻፌን ይታገሡኝ፤ ደብተሬም የተጻፈው በዚሁ በትምህርት ቤት አማርኛዬ ነው፣ እርስዎም ለማባዛት አልቸገረዎትም።

አንደኛ፣ ለሪፈረንደሙ መታወቂያ የእናትዎን አያት ስም ላረጋግጥ ብለው ደብተሬን ለሁለት ቀን ወስደው፣ በሰባተኛው ወር ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዓዲ ዓዲ፣ ከመንደር መንደር እየዞርኩ ከሽማግሌዎች አፍ የለቀምኩት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል ብዬም አልጠበቅኩም።

ሁለተኛ፣ በፎቶ ኮፒ አባዝተው፣ ጠርዘው፣ በስምዎ ስላወጡት የቐንየለይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሽፋኑና ከመግቢያው በቀር ሁሉም የእጅ ጽሑፌ ነው። በመግቢያው ላይ ባለቤትዎና የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ሳይቀሩ ተመስግነዋል፤ እኔን የተዉኝ እንደ ቤተሰብ ስለሚያዩኝ መሆን አለበት።

ሦስተኛውን በትሕትና ለመጻፍ ያቅተኛል። እኔ ያረጋገጥኩትን በቀለም፣ እንዲሁ የሰማሁትን በእርሳስ ነው የምጽፈው። ማሽኑ ግን ሁሉንም እኩል አጠቆረው። የልጄ የሄለን ስድስተኛ አያት ዘርእዝጊና የእጮኛዋ የሮቤል ስድስተኛ አያት ዘርእዝጊ አንድ ሰው ይሆኑ ይሆን ብዬ በእርሳስ መስመር አገናኝቻቸው ነበር። ሁለቱም ዓዲ ሄጄ ስጠይቅ፣ ጨርሶ የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ሆነው ተገኙ። መስመሯን ላጠፋ ስመለስ ደብተሩ እርስዎ ዘንድ ነበር። አሁን የሮቤል ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም ብለው ሰርጉን አቁመዋል። ስሕተት ነው ብላቸው በገዛ እጅሽ የጻፍሽው ነው ይሉኛል፤ የማኅበሩ ማኅተምም አለበት። ልጄ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ተናድጃለሁ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አዝኛለሁ።

አራተኛ፣ ከተኽኣ ደም ያልተወለደ ማኅበሩን አይመራም የሚለውን ደንብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለጨመሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ እንደገና ይሰበሰባሉ። ከዚያ በፊት ያቺ መስመር ስሕተት መሆኗን በዚያው ማኅተም አጽድቀው እንዲጽፉልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

የሰው መርፌ እንኳ ሳታስፈቅድ የማትነካ አክባሪዎ፣
ኣብርሄት ሀብተማርያም
ጸጸራት

ማስታወሻ፦ ሲያባዙ ገጽ አርባ አንድ ብቻ ቀርታለች። የአባትዎ አባት በሕፃንነታቸው ከሌላ ወገን መጥተው በተኽኣ ቤት በማደጎ ማደጋቸውን ሦስት ሽማግሌዎች የነገሩኝ እዚያ ላይ ነው። በቀለም የተጻፈች ናት። እኔ ግን የሰው ትውልድ ባለቤቱን ሳላስፈቅድ አላድልም፤ ስለዚህ እስከ እሑድ ፈቃድዎን እጠብቃለሁ።