ወገብ የማታሳምም ሞተር፦ የአቶ ማሩ ወልዴ የሕይወት ታሪክ (1952–2018 ዓ.ም.)

አባታችን አቶ ማሩ ወልዴ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉወርቅ ካሳው ሚያዝያ 8 ቀን 1952 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ ሲሪንቃ ተወለዱ። መርሳ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ወልድያ በመካኒክነት ሠልጥነው ግራና ላይ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1981 ዓ.ም. አዋላጅ የነበሩትን ወይዘሮ አበበች አራጌን አግብተው እኔን ህሊናንና ወንድሜን ቢኒያምን ወልደዋል።

እልኸኛ ነበሩ። ይህን የማያውቅ ለቀስተኛ እዚህ ስለሌለ አልደብቀውም።

በ1992 ዓ.ም. አንዲት አሮጌ የገጠር መንገድ ሞተር ብስክሌት ከጨረታ ገዙ። በ1994 ዓ.ም. የተራራው መንደር ነዋሪ ወይዘሮ ከድጃ ምጥ ይዟቸው ወደ ግራና ሲያወርዷቸው ሞተሯ በየድንጋዩ አንገጫገጨቻቸው። "ጋሽ ማሩ፣ በአላህ ያውርዱኝ፤ በእግሬ እየሄድኩ ልሙት" አሏቸው። የቀረውን መንገድ በቃሬዛ ሄዱ፤ እናትና ልጅ ለጥቂት ተረፉ።

አባታችን በማግስቱ ሞተሯን ፈቱ። ጭነት እንደለመደ የአገራችን መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ ጠንካራ ሞላ ገጠሙባት፤ አንድ ጆንያ ማሽላ ከኋላ አስረውም ነዷት። ጆንያው ንቅንቅ ባለማለቱ ደስ አላቸው። እናታችን ግን "ማሽላ ወገቡን አያመውም፤ እኔን ጫነኝ" አሏቸው። እንደ አገሩ ሴት ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጎን ተቀመጡና ውኃ የሞላ ጣሳ ጭናቸው ላይ ያዙ። ከተራራው ሥር ካለው ወንዝ ሳይደርሱ ጣሳው ባዶ ሆነ።

ከዚያ ሞላውን በለስላሳ ለወጡት። ለስላሳው ሲመለስ ሰው የሚወረውር ሆነባቸው፤ ያን ለመግታት ከሞላው ጋር ያለውን ቱቦ በወፍራም ዘይት ሞሉት። ጎረቤቱ "ሚስቱን ሊሰብራት ነው" እያለ ሲስቅ እሳቸው እናታችንን ጭነው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይፈታሉ። በሁለተኛው ዓመት ጣሳው እንደሞላ ግራና ገባ። ወይዘሮ ከድጃ ለሁለተኛ ልጃቸው በዚያችው ሞተር ወረዱ፤ አውርዱኝም አላሉም። ከእሳቸው በኋላ አምቡላንስ የማይደርስባቸው መንደሮች እናቶች በሷ ወርደዋል።

ባለፈው መስከረም የጉበት ሕመማቸው ሲጠና ባጃጅ ቢቀርብላቸው እምቢ ስላሉ ቢኒያም በሞተሯ ወደ መርሳ ወሰዳቸው። ከኋላ ተቀምጠው የሞላዋን ድምፅ ሲያዳምጡ ሄዱ። መርሳ ሊገቡ ሲሉ "የሞላው ዘይት ቀጥኗል። ሴት ሳትጭንባት ቀይረው" አሉት። ከዚያም ወልድያ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተውናል።

ባለቤታቸውን፣ እኛን ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ወይዘሮ ከድጃም ከነልጆቻቸው በመካከላችን አሉ። አባዬ፣ እልህዎ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ቢኒያም ዛሬ ጠዋት፣ ወደ ቀብር ከመውጣታችን በፊት፣ ዘይቱን ቀይሯል።

የሰው መንገድ ሲያለሰልሱ የኖሩትን አባታችንን እግዚአብሔር የእሳቸውንም መንገድ ያለስልስላቸው፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።