ስለ ሐይቅ ዳር ጉዞ በጨዋነት እንድንነጋገር ለተሰጠን መመሪያ የቀረበ ምስጋና

ነቀምቴ፣ ሰኔ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.
ቁጥር፦ በመዝገብ ቤት በኩል ስላላለፈ የለውም

ለተከበሩ ጓድ ገቢሳ
የቀበሌያችን የውይይትና የግድግዳ ጋዜጣ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ባለቤትዎና ልጆችዎስ እንደምን አሉ? የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ወደ መድረክ ሲወጡም እግርዎ እንዳይከዳዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ ሥራ አላስችል ቢልዎ ራሴ ልንገርዎ፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እንደ ዕድሜዬ ደህና ነኝ። ብቻ አንድ ሰው ከኋላዬ የሌላ ሰው ስም ከፍ አድርጎ የጠራ እንደሆነ እደነግጣለሁ። ገበያ መካከል እንኳ ቢሆን ቆሜ ማን «አቤት» እንደሚል እጠብቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ባለፈው ሰኞ በአዳራሹ በር ላይ የተለጠፈው ባለ ሰባት አንቀጽ ጽሑፍዎ ነው። ርዕሱ «ስለ ሐይቅ ዳር የጉዞ ማኅበር በሚደረግ ውይይት ጨዋነት እንዲከበር የወጣ መመሪያ» ይላል። አንብቤ ተደነቅሁ። በእኛ አገር ሰው ሲጠፋ መጀመሪያ ፈላጊ ይላክ ነበር፤ እርስዎ ግን የፈላጊውን አነጋገር ማረም እንደሚቀድም አስተማሩን። ስለዚህ ትምህርት በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ሰዎችና በራሴ ስም አመሰግናለሁ።

ደብዳቤው ነገሩን በማያውቅ መንገደኛ እጅ ቢገባ እንዳይቸገር ታሪኩን ከመነሻው ላስታውስ፤ ስሳሳት እንደ ልማድዎ ያርሙኝ።

ባለፈው ጥቅምት ጓድ ሞረዳ የተባለ፣ በዝናብ ቀን እንኳ ጫማው ጭቃ የማይነካው ሰው የላንጋኖን ሐይቅ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ከተማችን መጣ። እርስዎም በአዳራሹ ሰብስበው አስተዋወቁን። የማኅበሩ ሥርዓት ቀላል ነበር፤ ከሥሩ አምስት ሰው ያስመዘገበ የጉዞው ዋጋ በግማሽ ይቀነስለታል፤ እነዚያ አምስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው አምስት ካመጡ እሱ በነጻ ይሄዳል፤ ከዚያም በታች እየበዙ ሲሄዱ ከላይ ያለው በየዓመቱ ሐይቅ ዳር ይከርማል። እንዲህ ያለ ነገር ለማያውቁት ሰው አይነገርምና ሁሉም የጀመረው ከወንድሙ፣ ከአማቹ፣ ከጎረቤቱ ነው። ያለ ይለፍ ወረቀት የባኮን ከተማ እንኳ ማለፍ በማይቻልበት በዚህ ጊዜ፣ የቀበሌውን ማኅተም የያዙት እርስዎ ለተመዘገበው ሁሉ በአንድ ቀን እፈርማለሁ ማለትዎ ከሐይቁ ይልቅ አማለለን።

ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ አልነበረውም። ገሚሱ «መዝናናት ለሠርቶ አደሩም ይገባል» አለ፤ ገሚሱ «ሰውን በሰው ላይ የሚደረድር ንግድ ነው» አለ። ክርክሩም ወደ ግድግዳ ጋዜጣው መጣ፤ ማለትም ማንም የመሰለውን ጽፎ ወደሚለጥፍበት፣ ከአዳራሹ በር አጠገብ ወዳለው ሰሌዳ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ የሰሌዳው ኃላፊ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ለጣፊውም ገንጣዩም እኔ ነበርኩ። ቅሬታዎቼ ከዚህ ይጀምራሉ።

አንደኛ፤ ስለ ባለሱቁ ረዲ። ረዲ ጨውና ላምባ የሚቸረችር፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «ሐይቁ ይህን ያህል ካማረ ሰው በእግሩም ይሄዳል፤ እኔ የአክስቴን ልጅ ጎትቼ የማመጣው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ለጠፈ። እርስዎም ይህ ስድብ ነው ብለው በስብሰባ መካከል ግለ ሂስ እንዲያደርግ አቆሙት። ረዲ ቆቡን አውልቆ፣ «ጓዶች፣ ሐይቁን ስለ ጠረጠርሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄን ከሁሉም በኋላ የጨረስሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሰውን አስቆ ዝም ለማሰኘት ስላልዎት ችሎታ የሚገባዎት ምስጋና በዚህ ይያዝልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀለሟ። ቀለሟ ነገራ ልብስ ሰፊ ናት። ፊደል የቆጠረችው ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ታናሽ ወንድሟን ታፋን በመርፌ አሳድጋ አናጢ አድርጋዋለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሥሯ አራት ሰው አግኝታ አንድ ሲቀራት፣ በሚያዝያ ወር እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፈች፦ «ለጉዞ የሰጠነው ስማችንና ዕድሜያችን ለማን ለማን ይደርሳል? ሐይቅ ለማየት ዕድሜ ለምን ያስፈልጋል?»

እርስዎ በማግሥቱ ጠርተው «ይህ ጥርጣሬ ይዘራል፤ ጨዋ ጥያቄ አይደለም፤ አንሣው» አሉኝ። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ተጠንቅቄ በቢላዋ አነሣሁት። ከዚያም፣ ይህን እርስዎ አላዘዙኝም፣ ልትከፋብኝ ትችላለች ብዬ እስከ ስፌት ቤቷ ሄድሁ።

«ቀለሟ፣ ጥያቄሽ መልካም ነው፤ አነጋገሩ ግን ጓዶችን ያስቀይማል» አልኋት።

መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ፣ እንደ ወትሮዋ በኦሮምኛ «መምህር» ብላ ጠራችኝ። «ባርሲሳ፣ ማስቀየም ፈልጌ አይደለም። ታፋን ላስመዘግበው ስለሆነ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ያስመዘግቡታል?»

«ምን ክፋት አለው፣» አልሁ፤ «አየር ለውጦ ቢመለስ።»

ታፋ መሄድ አልፈለገም ነበር። በኋላ እንደ ነገረችኝ እንጨቱን መላጉን ሳያቆም «እትዬ፣ ሐይቅ ምን ያደርግልኛል? የዲዴሳ ወንዝ መቼ አነሰኝ?» ብሏት ነበር። እሷም «ባርሲሳ ምን ክፋት አለው ብለዋል» አለችው። በዚህ ቃል ተመዘገበ።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ከእርስዎ ይልቅ በእኔ ላይ የቀረበ ቅሬታ ነውና ሲያነቡ ዘና ይበሉ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት የሆኑትን ወንዶች ስም ለብቻ አውጥቼ በጥሩ ጽሕፈት እንድገለብጥ አዘዙኝ። ሴቶቹና ሽማግሌዎቹ ለምን እንደ ቀሩ አልጠየቅሁም። በዚያ ወር ለውትድርና አፈሳ እንደ ነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ገጠር ያሸሹ ነበር። እጄ የሚጽፈውን ዓይኔ ያያል። ግን አልጠየቅሁም፤ ጨዋ ነኛ።

ቅዳሜ ግንቦት 6 ቀን አውቶቡሱ በዘፈን ተነሣ። አኖ ከተማ ላይ ወርደው ሻይ ጠጡ። ከአኖ ጥቂት አለፍ ብሎ የኬላ ወታደሮች አስቁመው ሁሉንም አስወረዱ፤ አንደኛው ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ ስም ይጠራ ጀመር። የመጀመሪያው «ታፋ ነገራ» ነበር። ልጁ የመቀመጫ ቁጥር የሚታደል መስሎት «አቤት!» ብሎ እየሳቀ ወጣ። አሥራ አንድ ስም ተጠራ፤ አሥራ አንድ ሰው አቤት አለ። ጎን ለጎን አሰልፈው በቆመው የጭነት መኪና ላይ ጫኗቸው።

ከወንድሟ ጋር ተሳፍራ የነበረችው ቀለሟ ወታደሩ ዘንድ ሮጣ ወረቀቱን አየች። የምታነበው አስተምሬያት ነውና አነበበችው። «ይሄ የባርሲሳ ጽሕፈት ነው» አለችው። «እሳቸው ሰው አይሰጡም። ስሕተት አለበት፤ ይመልከቱልኝ።»

ወታደሩ ስሕተት የለበትም አላት። እውነቱን ነው፤ አንድም የፊደል ግድፈት አልነበረበትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ በእግርም በጭነት መኪናም ተመለሱ። ቀለሟ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣች። እንድትቀመጥ ለመንኋት፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። አልጮኸችም። «ያስመዘገብሁት እኔ ነኝ» አለች። «እርስዎን ግን ጠይቄዎት ነበር።» ይህን ብላ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ደጃፍ ስሻገር ቀኝ እግሬን ነው ግራዬን ማስቀደም ያለብኝ እያልሁ እቆማለሁ፤ የቆመችበትን ቦታ መርገጥ አቅቶኛል።

ወር እንደ ሞላው አንድ የቆሰለ ወታደር ወደ አገሩ ሲያልፍ ወሬ ጣለልን፤ ልጆቹ ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተጭነዋል። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። በዚያው ሰሞን ቀበሌያችን የውትድርና ኮታውን ቀድሞ በመሙላቱ በአውራጃ ስብሰባ ተጨበጨበለት፤ ጭብጨባውን ቆመው የተቀበሉት እርስዎ ነዎት። እንኳን ደስ አለዎት።

አራተኛ፤ ስለ ጨዋነቱ። ማኅበሩ ሰውን በሰው ሥር ደርድሮ ነበርና ለቅሶውም በዚያው መስመር ወረደ። እያንዳንዱ ልጅ የሚወደው ሰው አስመዝግቦታል። እናቶች ከእናቶች ሰላምታ አቋረጡ፤ በአንድ ጸሎት ቤት የሚዘምሩ ሁለት እህትማማቾች አግዳሚ ለዩ። ካሰች የምትባል እናት ልጇን ያስመዘገበውን የገዛ ወንድሟን ገበያ መካከል በኮቱ ኮሌታ ይዛ «ልጄን ከሥርህ አውጣልኝ!» እያለች ስታናውጠው ያላየ የለም። ሰውየውም እያለቀሰ «እኔም ከሌላ ሰው ሥር ነኝ እኮ» ይላት ነበር። ሰሌዳው ላይ ስድብ፣ እርግማን፣ ክስ ተለጠፈ። የሚገርመው፣ ሁሉም ጎረቤቱን ሲሰድብ ከሁሉ በላይ ያለውን ሰው ስም የጻፈ አልነበረም። ስለዚህ መመሪያዎ ያለ ጊዜው አልመጣም።

አንቀጽ ሦስት በሰሌዳው ፊት የሰው ስም እየጠሩ ማልቀስን ይከለክላል። አንቀጽ አምስት ከአማርኛ በቀር በሌላ ቋንቋ መለጠፍን ይከለክላል፤ ያዘኑት እናቶች አብዛኞቹ አማርኛ መጻፍ አለመቻላቸው ውይይቱን ምን ያህል እንደሚያረጋጋው አስቤ አድናቆቴ ጨመረ። እርስዎም እኮ ልጅዎ የሞተብዎት ጊዜ በአማርኛ አላለቀሱም፤ እኔ ቀብሩ ላይ ነበርሁ። መመሪያው በወጣ በማግሥቱ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው በከሰል «ሂን ዴቢኔ» ብሎ ጻፈ፤ አልተመለሱም ማለት ነው። በኖራ አስለቀለቁት። ኖራው ሲደርቅ ከሥሩ ይነበብ ጀመር፤ ደግመው አስለቀለቁት፤ ትናንት ሳልፍ በግልጽ አነበብሁት። ማን እንደ ጻፈው መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። እኔም አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ እጁን እስም ነበር።

የአንቀጽ ሰባትን ምስጋና ለብቻው አስቀመጥሁት፤ «የማኅበሩ ሥራ በሌሎች ከተሞች እንዳይደናቀፍ ወሬ ከማሰራጨት መቆጠብ» ይላልና። ጓድ ሞረዳ አሁን ጊምቢ እንደሚገኝ፣ ፎቶግራፉንም እንደ ያዘ ሰምተናል። ምዝገባው እዚያም ዕድሜ ጭምር ይጠይቃል። አውቶቡሱ የሚነሣው በሚመጣው ቅዳሜ ነው። እኔ ጨዋነቴን ከዚህ በላይ ልጠብቅ ስላልቻልሁ የዚህን ደብዳቤ አሥራ ሦስት ቅጅ በእጄ ጽፌ ወደ ጊምቢ ልኬአለሁ። በማን እንደ ላክሁ እባክዎ አይጠይቁኝ፤ ጽሑፉ የእኔ ነውና መጠየቅ ያለብኝም እኔ ነኝ። ቤቴን ያውቁታል።

እንግዲህ የምለምንዎት ጥቂት ነው። የአሥራ አንዱ ልጆች ቤተሰቦች ልጆቻቸው የት እንዳሉ የሚገልጽ ወረቀት፣ ማኅተም ያለው፣ ይሰጣቸው። እናቶቹም በሚችሉት ቋንቋ ያልቅሱ። የሰሌዳውን ቁልፍና የሙጫውን ቆርቆሮ ለዘበኛው አስረክቤአለሁ፤ ኃላፊነቴን ለቅቄአለሁ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ሰላም በር ላይ ቆማ የአሥራ አንዱን ልጆች ስም እስክትጠራ ድረስ ዕድሜ እንዲሰጥዎት የምመኝ፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎ የነበርሁ፣

ገብረወልድ ዘነበ
የቀድሞ የአማርኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለአሥራ አንዱ ቤተሰቦች፣ በየቤታቸው
በጊምቢ ለጉዞ ለተመዘገቡ ሁሉ

ሌላ ልጨምር፤ ያንን የወንዶች ዝርዝር የገለበጥሁት ሁለት ጊዜ ነው። የሐሙሱ አሥራ ሁለት ስም ነበረው። ዓርብ ረፋድ ላይ ራስዎ መጥተው፣ የወንድምዎን ልጅ ዋቅወያን «ትንሽ አተኩሶታል፤ ጉዞው ይቅርበት» ብለው እሱን አውጥቼ እንደገና እንድጽፈው አዘዙኝ፤ እኔም እግዜር ይማረው ብዬ ጻፍሁት። ልጁ ከዚህ ነገር ምንም አያውቅም፤ ጥፋትም የለበትም። ደህና ሆኗል፤ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፤ ቆም ብሎ «አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ» ይለኛል። ከአሥራ ሁለቱ ሰላም የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።